ሰማያዊና አረንጓዴ እንቁላል የምትጥል፣ ብርድ የምትችል ዶሮ አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ እንደ ሚኒሶታና ኮሎራዶ ክረምቱ በሚከብድበት አካባቢ፣ ለጓሮ ባለቀለም እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎችን መምረጥ ያዋጣል። ብርድ ይችላሉ፣ እንቁላላቸውም ያምራል። ገዢ የሚሳሳተው በስማቸው ነው። መደብር ውስጥ «አሜሪካና» ተብለው የሚሸጡት ጫጩቶች አብዛኞቹ ንጹሕ አመራውካና ሳይሆኑ ኢስተር ኤገር የሚባሉ ድቅሎች ናቸው።

አራውካና፣ አመራውካናና ኢስተር ኤገር የሚባሉትን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አራውካና መነሻዋ ቺሊ ነው። አሜሪካ ውስጥ የምትረባው ጅራት የላትም፣ ጆሮዋ አጠገብ ደግሞ ጎንና ጎን የላባ ጉንጉን አላት። ጉንጉኑን የሚያመጣውን ጂን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ጫጩት ሳይፈለፈል እንቁላሉ ውስጥ ይሞታል፤ ስለዚህ ለጀማሪ አንመክራትም። አመራውካና ጅራት አላት፤ ጉንጭና አገጯ በላባ ጢም የተሸፈነ፣ እግሯ ግራጫ፣ እንቁላሏ ሰማያዊ ነው። በ1984 አሜሪካ ውስጥ ራሷን የቻለች ዝርያ ሆና ተመዝግባለች። ኢስተር ኤገር ግን የተመዘገበ ዝርያ አይደለችም። እግሯ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፤ እንቁላሏም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ መሰል ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል። አንዲቱ ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጥለው አንድ ዓይነት ቀለም ነው፤ ልዩ ልዩ ቀለም ለማግኘት አራት አምስት ዶሮ ያስፈልጋል።

ለተራ ጓሮ ምርጫችን ኢስተር ኤገር ናት። ዋጋዋ ይቀንሳል፣ በሳምንት አራት ያህል ትጥላለች፤ አመራውካና ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ናት። «ሰማያዊ ካልሆነ አልፈልግም» የሚል ሰው ግን ከዝርያው አርቢ አመራውካና ይግዛ።

ጫጩት ሲገዙ መጀመሪያ አናቷን ይዩ። ከምንቃሯ በላይ፣ አናቷ ላይ ዝቅ ብሎ በሦስት ረድፍ የተኛ ሥጋ ካላት ሰማያዊውን ጂን የመያዝ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ የሥጋውን ቅርጽና ሰማያዊውን ቀለም የሚያመጡት ሁለት ጂኖች በጣም ተቀራርበው ስለሚገኙ ብዙ ጊዜ አብረው ይወረሳሉ። እንደ መጋዝ ጥርስ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን ቡናማ የመጣል ዕድሏ ያመዝናል። ያ አጭር ሥጋ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንደ ረጅሙ በቀላሉ ውርጭ አይበላውም። ሌላው ጥንቃቄ «ፑሌት»፣ ማለትም ሴት ጫጩት፣ የተባሉትን መግዛት ነው። «ስትሬት ረን» ሴትና ወንድ ሳይለይ የሚሸጥ ስለሆነ ግማሹ አውራ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ከተሞች ደግሞ አውራ ዶሮ ይከለክላሉ። የከተማዎን ደንብ አስቀድመው ያንብቡ።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር በቅርበት ይዩ። ለዶሮ ወጥ ቀቅለው ሲልጡ ቅርፊቱን ገልብጠው ይመልከቱ፦ የሰማያዊው ውስጡም ሰማያዊ ነው፣ የቡናማው ውስጥ ግን ነጭ ነው። ሰማያዊው ቅርፊቱ ሲሠራ አብሮ ይገባል፤ ቡናማው መጨረሻ ላይ ከላይ ይቀባል። አረንጓዴ የሚሆነው ሰማያዊ ቅርፊት ላይ ቡናማ ሲቀባ ነው። ጣዕሙ በቅርፊት ቀለም አይለወጥም፣ አስኳሉን የሚያደምቀውም መኖና ቅጠል ነው። የዛሬ እንቁላል አልላጥ ብሎ ይቦጫጨቃል፤ ለወጥ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት የቆየውን ይጠቀሙ።

ለአንድ ዶሮ ቤት ውስጥ 4፣ ውጭ 10 ስኩዌር ፊት ይበቃል። መኖው በቀን ሩብ ፓውንድ ገደማ ነው፤ መጣል ስትጀምር 16 በመቶ ፕሮቲን ያለው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ፣ በተለየ ዕቃ ደግሞ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ቅርፊት ያቅርቡላት። በክረምት የሚጎዳቸው ከብርዱ ይልቅ እርጥበት ነው፤ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ትንፋሻቸውንና የኩሳቸውን እርጥበት አፍኖ ለውርጭ ያጋልጣቸዋል። ከቆጡ በላይ፣ ነፋሱ በቀጥታ የማይመታቸው የአየር መውጫ ይተዉ። የሙቀት አምፖል እሳት ስለሚያስነሳ አዋቂ ዶሮ ቤት ውስጥ አያስገቡ።

ከአምስት እስከ ሰባት ወር ሳይሞላቸው እንቁላል አይጠብቁ። ቀኑ ሲያጥር መጣል ይቀንሳሉ፤ ብርሃኑ በቀን ወደ 14 ሰዓት ሲጠጋ ይመለሳሉ። ሰማያዊው በዓመቱ መጨረሻ ቢደበዝዝ አይደንግጡ፤ ላባቸውን ለውጠው አርፈው ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች እንደገና ደማቅ ይሆናሉ።