የማስተርስ ማመልከቻዬን ያስቆመው የቀን ልዩነት

ለጀርመን ማስተርስ የላክሁት ማመልከቻ «የምረቃ ዓመቱ አይገጥምም» ተብሎ ተመለሰ። ዲግሪዬ ላይ ሐምሌ 2013፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ደግሞ 2021 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን አንዱም ላይ አልተጻፈም።

ሬጅስትራር ሄጄ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጻፍኩ። ስካን አድርጌ ከትራንስክሪፕቱ ጋር በአንድ ፒዲኤፍ አያያዝኩት። ሲቪዬን በሙሉ ወደ ፈረንጆቹ ቀየርኩ። እዚህ ላይ አደራ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። በደፈናው 8 ከደመራችሁ ጥቅምት ላይ የጀመራችሁት ሥራ አንድ ዓመት ይዘላል፤ ከአሠሪው ደብዳቤ ጋርም ይጋጫል።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ ፋይሌ ወደ ግምገማ አለፈ።