ልጅነታችሁን ለልጆቻችሁ ስትነግሩ

ልጆች የወላጆቻቸውን ልጅነት መስማት ይወዳሉ። የማይወዱት «በእኛ ጊዜ» ብሎ የሚጀምረውን ወሬ ነው፤ መጨረሻውን ገና ሳይጀመር ያውቁታላ! እኛ ጎበዞች ነበርን፣ እናንተ ግን ሰነፎች ናችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ትዝታን ከተግሣጽ ለዩ። ልጁ የቤት ሥራውን ሳይሠራ በቀረበት ምሽት ስለ ልጅነታችሁ አታንሱ። ሌላ ቀን፣ ማንም ባላጠፋበት ሰዓት አውሩ።

ከዚያ ትንሽ ነገር ምረጡ። «ልጅነቴ ደስ የሚል ነበር» ብትሉት ልጁ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። እኔ ደጋግሜ የምነግራቸው አባቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበሩበት ዘመን ነው። እኛ ስንነሳ እሳቸው ይተኛሉ። እናቴ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ትሰቅላለች፣ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል፣ እኛም ድምፅ ላለማሰማት በእጅ ማውራት ለመድን። ጆሮን መያዝ «ጠባችንን ውጭ እንጨርስ» ማለት ነበር። ሆድን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ «ራበኝ»፣ መዳፍን ግንባር ላይ ማሳረፍ ደግሞ «እማዬ መጣች»። ልጄ ይህን ስትሰማ «ማስነጠስ ሲመጣባችሁስ?» አለችኝ። አፍንጫችንን ይዘን ወደ ጓሮ እንሮጥ እንደነበር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ለራሴ እንኳን ጠፍቶኝ የነበረውን እሷ አወጣችው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የጀመራችሁትን ተዉትና ልጁን ተከተሉ። ታሪኩ መስመሩን ቢስት ምንም አይደለም። ስለ እጅ ምልክቶቹ ልነግራት የጀመርኩት ወሬ አባቴ ሌሊት ምን ይሠሩ ነበር፣ ጨለማ ይፈሩ ነበር ወይ፣ እናቴ ብቻዋን ስታድር ምን ይሰማት ነበር ወደሚል ሄዷል። ልጄ አያቷን እንደ ሰው ማወቅ የጀመረችው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ሰዓቱንም ምረጡ። ፊት ለፊት አስቀምጦ «ዛሬ ስለ ልጅነቴ ልንገራችሁ» ማለት ስብሰባ ይመስላል። ዕቃ ስታጥቡ፣ ልብስ ስታጥፉ፣ መኪና ውስጥ ወይም መንገድ ስትሄዱ ይሻላል፤ እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይፈታል። በተለይ ከፍ ያሉ ልጆች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሲሆን የበለጠ ይጠይቃሉ።

የእናንተን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የእነሱንም ንገሯቸው። አብዛኛው አዋቂ ከ3 ወይም ከ3 ዓመት ተኩል ዕድሜው በፊት የሆነውን አያስታውስም። የእነዚያ ዓመታት ምስክሮች እናንተ ናችሁ፦ መጀመሪያ የተናገረው ቃል፣ አልጥልም ብሎ ይዞት ይዞር የነበረው ጨርቅ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለው ማን ያቅፈው እንደነበር። አብራችሁ ያሳለፋችሁትን ስታነሱ ደግሞ «ታስታውሳለህ?» ብቻ አትበሉ፤ «አዎ» ወይም «አይ» ይልና ያበቃል። «ዝናቡ ድንገት ሲመጣ የት ገባን? አንተ ምን አልክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆቻቸው እንዲህ እየጠየቁና ዝርዝር እየጨመሩ የሚያወሯቸው ልጆች፣ በኋላ የራሳቸውን ትዝታ አስፍተው የመተረክ ችሎታቸው እንደሚዳብር በጥናት ታይቷል።

በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚለኩ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር። ወላጆችህ እንዴት እንደተገናኙ፣ አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? ዓይነት ናቸው። ብዙ የሚያውቁት ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ግን ልጆችን መልስ ማስሸምደድ ይጠቅማል ማለት አይደለም። እኔ እንደማምነው ጥቅሙ ያለው አብሮ ተቀምጦ ማውራቱ ላይ ነው።

ክፉውንም ቀን አትደብቁ። ሁሉ ነገር የሰመረለት ቤተሰብ ታሪክ፣ ራሱ ችግር ላይ ላለ ልጅ ምንም አያግዘውም። አባቴ ሥራቸውን ያጡበትን ዓመት ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ወርዶ ቤቱ ብርሃን ሲሆን ደስ ብሎን እንደነበር፣ የእናቴን ፊት ስናይ ግን ዝም እንዳልን፣ ቀስ በቀስም እንዴት እንደተነሳን። ልክ ግን አለው። በውስጣችሁ ገና ያልሻረ ቁስል ካለ፣ በደል የነበረበት ልጅነት ከሆነ፣ መጀመሪያ ለአዋቂ ሰው ተናገሩት። ልጅ አጽናኛችሁ እንዲሆን አታድርጉት።

ትዝታ አልመጣ ካላችሁ ያደጋችሁበትን ቤት በወረቀት ላይ ሳሉ። ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ በሩ የት ነበር፣ አልጋው በየት በኩል፣ በር ሥር የሚተኛው ማን ነበር? ሽታም ይረዳል። የሽታ ስሜት ስሜትንና ትዝታን ከሚይዙት የአንጎል ክፍሎች ጋር በቅርብ የተሳሰረ ስለሆነ፣ ድሮ የምታውቁት ሳሙና ወይም የሞተር ዘይት ሳይታሰብ ብዙ ይዞ ይመጣል። ወንድምና እህት በትዝታ ካልተስማሙም አትከራከሩ። ትዝታ በተነሳ ቁጥር በትንሹ ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለቱንም አተራረክ ጻፉ።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ አትዘግዩ። ስልካችሁን ለመቅዳት አዘጋጁና ጠያቂው ልጁ ይሁን። እናቴ ለእኔ ነግራኝ የማታውቀውን ለልጄ ትነግራታለች። ዝም ሲሉ ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው።

አሮጌ ፎቶዎች ካሉ ከጀርባ ጠርዙ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ሊያልፍ፣ ምልክትም ሊተው ይችላል። ከሙቀትና ከእርጥበት አርቋቸው፤ ገጹ ሙጫ ካለው አልበም ደግሞ ሳይጣበቁ አውጧቸው። የተቀዳውን ድምፅ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ፋይሉንም በተናጋሪው ስም፣ በቀኑና በተወራው ጉዳይ ሰይሙት፤ ስልኩ በራሱ በሚሰጠው ቁጥር ከተዋችሁት ልጆቻችሁ ሲፈልጉት አያገኙትም።