ተንከባካቢዎች የሚደጋገፉበት የሥራ ቦታ እንዴት ይሠራል?

ንጋት 12 ሰዓት ላይ በባሕር ዳር መንገዶች ነጠላቸውን ተከናንበው ባጃጅ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ታማሚ ሲያገላብጡ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያጽናኑ ያደሩ ናቸው። እነሱን "እንዴት አደራችሁ?" የሚላቸው ግን ጥቂት ነው። ክሊኒክ ወይም የአረጋውያን ማረፊያ የምትመሩ ከሆነ፣ ከዚህ ጀምሩ።

መጀመሪያ አንድ ሌሊት አብራችሁ እደሩ። ስብሰባ ጠርቶ "ችግራችሁን ተናገሩ" ማለት ብዙም አያስኬድም። ሰው አለቃው ፊት የልቡን አያወጣም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ጓንት ማለቁን፣ ለሁለት የሚነሳን ታማሚ አንዷ ብቻዋን ስታነሳ፣ አረፍ የሚባልበት ወንበር እንኳ አለመኖሩን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በማግሥቱ ቀላሉን አስተካክሉ። ወንበርና አንድ ፔርሙዝ ሻይ በጀት አይጠይቅም።

ቀጥሎ የሺፍት ፕሮግራሙን ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ብሎ ነው የገለጸው። የሠራተኛዋ ድክመት አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከሁለት ሳምንት በፊት ለጥፉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ኦቨርታይም በ1.75፣ የሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ክፍያውን ሳትጠየቁ ክፈሉ። ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲበረታ በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ሊተኛባችሁ ስለሚችል ተጠባባቂ ያዙ። ለፋሲካ ሙስሊሞቹ፣ ለኢድ ክርስቲያኖቹ ሺፍት ቢሸፋፈኑ ደግሞ ሁሉም በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ይውላል። ይህን ራሳቸው ይነጋገሩበት። ከላይ ከታዘዘ ውለታነቱ ይጠፋል።

በርክክብ ሰዓት ስለ ታማሚው ብቻ አይወራ። መድኃኒቱ፣ ትኩሳቱ፣ ቁስሉ ከተነገረ በኋላ ሺፍት የምትገባዋ የምትወጣዋን "አንቺስ እንዴት አደርሽ?" ብላ ትጠይቃት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስህተት ሲፈጠር "ማነው?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ሆነ?" በሉ። እኔ ጀማሪ ነርስ ሳለሁ የአንድ ታማሚ መድኃኒት አሳለፍኩ። አለቃዬ አስታማሚዎቹ ፊት ጮኸችብኝ። ሌላ ጊዜ ስሳሳት ደበቅኩት። ታማሚው ባይጎዳም ያን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የደበቅኩት ክፉ ስለሆንኩ አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። ስለዚህ ስህተቷን ራሷ መጥታ የነገረቻችሁን ሠራተኛ መጀመሪያ አመስግኑ፣ ከዚያ አብራችሁ መላ ፈልጉ። ተግሣጽ የግድ ከሆነ በር ተዘግቶ ይሁን።

ጽዳት፣ ወጥ ቤትና ጥበቃም በዚህ ሁሉ ውስጥ አሉበት። አረጋውያን ምሥጢራቸውን ብዙ ጊዜ የሚያወጉት ለጽዳቷ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ፤ ወደ ሞት። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይባላል። አንዲት እናት ስምንት ወር አጉርሳ፣ ጸጉራቸውን ጎንጉና በእጇ ላይ ላረፉባት ተንከባካቢ ግን ማን "እግዜር ያጥናሽ" ይላታል? አንሶላው ይቀየራል፣ አዲስ ሰው ይገባል፣ እሷም ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ልጅ ለቀስተኛ ሲቀበል እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

ይህን ለመለወጥ ቢያንስ አልጋው ለአንድ ቀን ባዶ ይደር። ቀብር መሄድ የፈለገች ትሂድ፣ ሰዓቷ አይቆረጥ። በማግሥቱ ቡና ይፈላና የሟቿ ወግ ይነሳ፤ ምን ትወድ እንደነበር፣ ስትቆጣ ምን ትል እንደነበር። ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። ቡናውን የምታፈላው ግን ተንከባካቢዋ አትሁን። እሷ ትቀመጥ፣ ሲኒውን ሌላ ሰው ያቀብላት።