ለፎቶ ማተሚያ የሚሆን ወረቀት እንዴት ይመረጣል?

ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት ፕሪንተሩን እዩት። ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት ነው ወይስ ሌዘር? ሌዘር የቀለም ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው። የኢንክጄት ፎቶ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ሌዘር ውስጥ ገብቶ ከቀለጠ ጉዳችሁ ፈላ፣ ማሽኑንም ይዞት ይሄዳል። ማሸጊያው ላይ ለየትኛው እንደተሰራ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ቀጥሎ ፎቶው የት እንደሚቀመጥ አስቡ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ሱቅ ገብቶ ያብረቀረቀውን ያነሳል። ግሎሲ የሚባለው ይሄ አብረቅራቂ ወረቀት ቀለም ያደምቃል፣ አልክድም። መንዝ ጓሳ ወጥታችሁ ጭላዳ አንስታችሁ ከሆነ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ግን መስኮት ፊት ለፊት ከሰቀላችሁት ፎቶውን ትታችሁ መስኮቱን ነው የምታዩት። የጣት አሻራም ይይዛል። እርጥበት ካገኘው ደግሞ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ይጣበቃል፣ ስለዚህ ጉም ለማይለየው የጣርማበር አካባቢ ቤት አልመክረውም።

ማት የሚባለው ወረቀት አያብረቀርቅም፣ ለግድግዳ አሪፍ ነው። ችግሩ ጥቁሩ ይደክማል። ጥቁር የመንዝ በርኖስ የለበሱ አባት ፎቶ ማት ላይ ሲታተም በርኖሱ ወደ ግራጫ ይሄድና እጥፋቱ ከጥላው ጋር ይቀላቀላል። ለእንዲህ ያለው ሉስተር ወይም ሳቲን የሚባለውን ውሰዱ። በግሎሲና በማት መሃል ያለ ነው፤ ጥቁሩን ይይዛል፣ አሻራም ያን ያህል አያሳይም። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ያለማመንታት እሱን ነው።

ውፍረቱን በግራም እዩ። የቢሮ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፣ ለፎቶ ይሳሳል፣ ቀለም ሲጠጣ ይጨማደዳል። ለአልበም 200 ገደማ ይበቃል፣ ለግድግዳ ከ250 እስከ 300 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፕሪንተራችሁ ያን ያህል ወፍራም ይቀበል እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሲታተም ኮምፒውተሩ ላይ የወረቀቱን ዓይነት መምረጥ አትርሱ፣ ፕሪንተሩ የሚረጨውን የቀለም መጠን የሚወስነው በሱ ነው። ብዙው የፎቶ ወረቀት የሚታተምበት በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፣ ገልብጣችሁ ካስገባችሁት ቀለሙ ይንሸራተታል። መጀመሪያ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሞክሩና ወደ ኤ4 እለፉ። የወጣውን ደርቦ ማስቀመጥ የለም፣ አንድ ቀን ዘርግታችሁ አድርቁትና ፍሬም ውስጥ አስገቡት። የተረፈውን ወረቀት ማሸጊያው ውስጥ መልሱና የማሸጊያውን አፍ አጥፋችሁ ዝጉት፤ እርጥበት ከገባው ዳር ዳሩ ይጠቀለላል።