አክሲዮን ለሕዝብ ሲቀርብ እኔ ከየት ነው የምጀምረው

ቁም ሣጥኔ ውስጥ የአሥር ሺህ ብር ደረሰኝ አለ። በሬዲዮ ሰምቼ የገዛሁት፣ «በምሥረታ ላይ ያለ» አክሲዮን ማኅበር ነበር። ምሥረታው ሳያልቅ ቢሮው ተዘጋ። ያኔ የሰጡኝ ባለቀለም በራሪ ወረቀት ብቻ ነው።

ዛሬ አዋጅ 1248/2013 አለ። አክሲዮኑን ለሕዝብ የሚያቀርብ ኩባንያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (የኩባንያውን ሥራ፣ ሒሳብና ስጋት የሚዘረዝር ሰነድ) አዘጋጅቶ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስጸደቅ አለበት። መጀመሪያ ይህን መግለጫ ጠይቁ። መጽደቁ ግን ዋጋው ያዋጣል ማለት አይደለም፤ እሱን የምታሰሉት እናንተ ናችሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሽያጭ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 ነበር፤ 9,900 ብር። የእህቴ ልጅ ስልኬን ይዞ ቴሌብር ውስጥ ገብቷል፤ «አክስቴ፣ ልጫነው?» ይለኛል። ቆይ ብዬው ካልኩሌተር አወጣሁ። 100 ሚሊዮን በ300 ሲባዛ 30 ቢሊዮን። የቀረበው የኩባንያው 10 በመቶ ነው፤ እንግዲያው ሙሉው በ300 ቢሊዮን ተተምኗል። ይህን ከግብር በኋላ ላለው የዓመት ትርፍ አካፍሉት። 20 ከመጣ፣ ትርፉ ባለበት ቢቀጥልና ሁሉም ቢከፋፈል እንኳ ገንዘባችሁ የሚመለሰው በ20 ዓመት ነው። 300 ብር ርካሽ ነው ወይስ ውድ የሚለው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ፈልጉ። ኩባንያው አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ሊሠራበት ነው ወይስ ነባሩ ባለቤት ድርሻውን እየሸጠ ነው? የመግለጫውን የስጋቶች ክፍል ደግሞ ቡና ይዛችሁ በቀስታ አንብቡት፤ እውነቱን የሚናገሩት እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው መውጫውን፣ ማለትም አክሲዮኑን መልሶ የሚሸጥበትን መንገድ ነው። ለሕዝብ መሸጥና ባለአክሲዮኖች እርስ በርስ በሚገበያዩበት ገበያ መመዝገብ ይለያያሉ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፤ ባንኩ ግን ከዚያ በፊትም ብዙ ባለአክሲዮኖች ነበሩት። በተቃራኒው፣ አክሲዮኑን ሸጦ ገና ያልተመዘገበ ኩባንያ አለ። እስኪመዘገብ ድረስ ብር ቢቸግራችሁ ገዢ በቀላሉ አታገኙም። ስለዚህ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አታስገቡበት።

የቴሌኮሙ ሽያጭ የካቲት 7 ሲዘጋ 47,377 ሰው ገዝቶ ነበር። አንዷ እኔ ነኝ፤ 33። ማረጋገጫውን ግን ከዚያ ደረሰኝ ጋር አላስቀመጥኩትም።