ለአሉሚኒየም ፑሊ የእንጨት ፓተርንና የአሸዋ ሞልድ አሠራር

በቤት ወይም በትንሽ ወርክሾፕ አሉሚኒየም አቅልጦ ዕቃ ማውጣት ሲታሰብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ምድጃው ነው። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ በከሰልና በማራገቢያ የሚሠራ ደህና ምድጃ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። ዕቃው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ ከመቀጣጠሉ በፊት፣ ፓተርኑ ሲቀረጽና አሸዋው ሲረጥብ ነው። ትኩረታችንም እዚያ ላይ ይሆናል።

ፓተርን ማለት የሚፈለገውን ዕቃ አስመስሎ ከእንጨት የሚሠራ ቅርጽ ነው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲወጣ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ያ ባዶ ቦታ ያለበት የአሸዋ ሳጥን ሞልድ ይባላል። ለምሳሌ የምንይዘው ሥራ ዲያሜትሩ 120፣ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ የሞተር ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ዕቃ ነው። የቺንጋው ቦይና የዘንጉ ቀዳዳ በአሸዋ አይወጡም፤ በኋላ ዕቃውን እያሽከረከረ በሚቆርጥ ማሽን፣ በቶርኖ ይቆረጣሉ። ቦዩን በፓተርኑ ላይ ከቀረጹት አሸዋው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባና ፓተርኑ ሲወጣ ሞልዱ ይፈርሳል።

ፓተርኑ

ፓተርኑ ከሚፈለገው ዕቃ መተለቅ አለበት፤ ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አሉሚኒየም ረግቶ ሲቀዘቅዝ በሜትር 13 ሚሊሜትር ገደማ ይኮማተራል። ሁለተኛ፣ ቶርኖ የሚልጠው ትርፍ ያስፈልጋል፤ በየገጹ 3 ሚሊሜትር ይበቃል። ሦስተኛ፣ ፓተርኑ አሸዋውን ሳይቦጭቅ እንዲወጣ ጎኑ ሾጠጥ ማለት አለበት፤ 2 ዲግሪ ጥሩ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። 120 ላይ የሁለት ጎን ትርፍ 6 ሲደመር 126፤ በ1.013 ሲባዛ 127.6 ሚሊሜትር። ውፍረቱ 25 ሲደመር 6፣ 31፤ በ1.013 ሲባዛ 31.4። በዚህ ውፍረት 2 ዲግሪ በአንድ ጎን 1.1 ሚሊሜትር ስለሚሆን ትንሹ ገጽ 127.6፣ ትልቁ ገጽ 130 ገደማ ዲያሜትር ይኖረዋል።

ለእንጨቱ በደንብ የደረቀ ዋንዛ፣ ካልተገኘ ሁለት ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) በኮላ ተጣብቆ ይሆናል። እርጥብ እንጨት ከሳምንት በኋላ ይጣመማል፤ የደከሙበት ልክ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሱ በኋላ ጭረትና ቀዳዳ ሁሉ በስቱኮ ይደፈን፤ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቫርኒሽ ይቀባ፤ በየመሀሉም በቀጭን ወረቀት ይታሽ። በጥፍር የሚሰማ ጭረት በአሸዋውም፣ በብረቱም ላይ ይወጣል። ሌላ ዕቃ የሚሠሩ ከሆነና ፓተርኑ ወደ ውስጥ የታጠፈ ማዕዘን ካለው፣ ማዕዘኑን በስቱኮ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ያክቡት፤ ሹል ማዕዘን ላይ አሸዋው ይሸረፋል፣ ብረቱም ሲኮማተር ይሰነጠቃል። በትልቁ ገጽ መሀል ላይ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ያብጁ፤ ፓተርኑ በኋላ የሚጎተተው በዚያ ነው።

አሸዋው

ሳጥኑ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም በውስጥ 30 በ30 ሴንቲሜትር ሆነው የታችኛው 8፣ የላይኛው 10 ሴንቲሜትር ቁመት ይኑራቸው። 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይበቃል። ሁለቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገጥሙ በሁለት ጎን የእንጨት ችንካር ይሠራላቸውና አንዱ ከሌላው ወፍራም ይሁን።

ይህን ሳጥን ለመሙላት 30 ኪሎ ያህል የተዘጋጀ አሸዋ ይፈጃል፦ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ 27 ኪሎ፣ ቤንቶናይት 2.7 ኪሎ፣ ውሃ 1 ሊትር ገደማ። የግንባታ አሸዋ እንዳለ አይሆንም፤ ታጥቦ አፈሩ ይወገድ፣ ይድረቅ፣ በዱቄት ወንፊት ይነፋ። ቤንቶናይት ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ስለሚጠቀሙበት እነሱ ዘንድ መጠየቅ ይቻላል።

አሸዋውንና ቤንቶናይቱን ደረቁን በደንብ ያደባልቁ። ውሃውን በአንድ ጊዜ አይድፉት፤ በመርጫ እየነፉ፣ እያገላበጡና በአካፋ ጀርባ እየጨፈለቁ ይጨምሩ። ከዚያ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይደር፤ ሸክላው ውሃውን እኩል የሚጠጣው ሲያድር ነው። በማግስቱ እፍኝ ይጨብጡ። የጣትዎ ምልክት ጎልቶ ከቀረና ኳሱን ከመሀል ሲሰብሩት ሳይፈረፈር በሹል ጠርዝ ከተከፈለ ደርሷል። ከተፈረፈረ ደርቋል። እጅዎን ካረጠበ ውሃ በዝቷል፤ ዘርግተው ያናፍሱት እንጂ በዚያ ሁኔታ ብረት አያፍስሱበት። ትርፍ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ብረቱ ውስጥ ስለሚገባ ዕቃው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል።

ደረቁን አሸዋ ሲነፉና ሲያደባልቁ አቧራ የሚከላከል ጭምብል ያድርጉ። የአሸዋው ብናኝ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ጉዳቱም ቶሎ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል።

ሞልዱን መሥራት

1. ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ፓተርኑን በትልቁ ገጽ ያስተኙ። የታችኛውን ሳጥን በላዩ ገልብጠው ያስቀምጡ። ፓተርኑ መሀል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ከሳጥኑ ግድግዳ 5 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ በሌላው ጎን የብረቱ መግቢያ ይመጣል።

2. ፓተርኑ ላይ የታልክ ዱቄት በስስ ጨርቅ ይንፉ። ከዚያ በወንፊት የተነፋ አሸዋ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ያልብሱትና በጣትዎ ዙሪያውን ይጫኑ።

3. ቀሪውን አሸዋ በሁለት ወይም በሦስት ዙር እየጨመሩ ይጠቅጥቁ። መጀመሪያ በሳጥኑ ግድግዳ ዳር፣ ቀጥሎ ወደ መሀል። መጠቅጠቂያው ፓተርኑን መምታት የለበትም። በጣት በብርቱ ሲጫኑት ትንሽ ምልክት ብቻ ከቀረ በቂ ነው። ላላ ያለ አሸዋ በብረቱ ክብደት ይለጠጥና ዕቃው ያብጣል፤ ከመጠን በላይ የተጠቀጠቀ ደግሞ ጋዝ አያስወጣም።

4. ትርፉን በቀጥ ያለ ጣውላ ይጥረጉ፣ ሌላ ሰሌዳ ይደርቡበት፣ ሁሉንም አጥብቀው ይዘው ይገልብጡ። አሁን የፓተርኑ ትልቅ ገጽ ወደ ላይ ይታያል።

5. የላይኛውን ሳጥን ይግጠሙ። ፓተርኑ መሀል ላይ 6.5 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ሾጠጥ ያለ ዱላ ያቁሙ፤ ይህ የመጋቢው ቦታ ነው። ከፓተርኑ ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ርቆ ደግሞ ብረቱ የሚገባበት የማፍሰሻው ዱላ ይቁም፤ ላዩ 22፣ ታቹ 15 ሚሊሜትር። ታልክ ነፍተው እንደ መጀመሪያው ይጠቅጥቁ።

መጋቢ ለምን? ብረቱ ሲረጋ ይቀንሳል፤ የጎደለውን የሚሞላለት ፈሳሽ ከላይ ካልቆየው ፑሊው መሀሉ ላይ ይጎደጉዳል። መጋቢው ከዕቃው ዘግይቶ መርጋት ስላለበት መወፈር የግድ ነው፤ ብረት ለመቆጠብ ብሎ ማቅጠን ኪሳራ ነው። መሀል ላይ ያደረግነውም በምክንያት ነው፦ ጉድለት ቢተርፍ እንኳ የዘንጉ ቀዳዳ ሲበሳ አብሮ ይወጣል።

6. በ2 ሚሊሜትር ሽቦ የላይኛውን አሸዋ በብዙ ቦታ ይብሱ፤ ጫፉ ፓተርኑ ጋ ሊደርስ አንድ ሴንቲሜትር ሲቀረው ያቁሙ። ዱላዎቹን ነቅንቀው ያውጡ፣ የማፍሰሻውን አፍ እንደ ማንቆርቆሪያ ሰፋ ያድርጉ፣ የላይኛውን ሳጥን ቀጥ አድርገው ያንሱ።

7. በማፍሰሻው ሥር 3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ የመጀመሪያው የብረት ጉርፍ ኃይሉን እዚያ ይተዋል። ከዚያ እስከ ፓተርኑ 3 ሴንቲሜትር ስፋትና 6 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቅረጹ። የቦዩን ጠርዝ በጣት ያለስልሱ፤ የላላች ቅንጣት ሁሉ በብረቱ ተጠርጋ ዕቃው ውስጥ ትገባለች።

8. የፓተርኑን ዙሪያ በእርጥብ ብሩሽ በስሱ ይዳብሱ፣ ብሎኑን አስገብተው በአራቱም ጎን ቀስ እያሉ ይኮርኩሙት፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። የወደቀ አሸዋ ካለ በቀጭን ቱቦ እፍ ብለው ያስወጡና የላይኛውን ሳጥን መልሰው ይግጠሙ።

ማፍሰስ

ለዚህ ሥራ 2.5 ኪሎ አሉሚኒየም ይቅለጥ። የተሰበረ ፒስተንና የሲሊንደር ራስ ይሻላል፤ አዲስ አበባ ላሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከውራጅ ብረት መሀል ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እነዚህ ሲሊከን ስላለባቸው በደንብ ይፈስሳሉ፤ የመስኮት ፍሬምና የለስላሳ ቆርቆሮ ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ናቸው። ከተደባለቀ ውራጅ የወጣ አሉሚኒየም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ድስት አይሥሩበት።

ሥራው ደጅ፣ በደረቅ አሸዋ ንጣፍ ላይ ይሁን። የሲሚንቶ ወለል ውስጡ እርጥበት ስላለው ትኩስ ብረት ሲፈስበት ይፈነዳል። የቆዳ ጫማ፣ የጥጥ ልብስ፣ የፊት መከላከያና የቆዳ ጓንት ይልበሱ። ምድጃው ውስጥ የሚጨመር ብረትም ሆነ ማንኪያ ሁሉ አስቀድሞ ይሞቅ፤ አንዲት የውሃ ጠብታ ብረቱን ፊት ላይ ትረጫለች።

720 ዲግሪ ሲደርስ ላዩን ገፈው ያፍስሱ። ማፍሰሻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ ይሁን፣ መሀል ላይ አያቋርጡ፣ መጋቢው አፉ ድረስ ሲሞላ ያቁሙ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይነኩት ይቆይ።

ዕቃው ሲወጣ ምክንያቱ ከገጹ ይነበባል። ለስላሳ ክብ ቀዳዳዎች እርጥብ አሸዋን ወይም ከልክ በላይ የጋለ ብረትን ያመለክታሉ። ሁለት ጉርፍ ተገናኝቶ ያልተዋሐደ የሚመስል መስመር የብረት መቀዝቀዝ ነው። በሁለቱም ሳጥን የሚቀረጽ ሌላ ዕቃ ሠርተው ሁለቱ ግማሾች ካልተገናኙ ችንካሩ ልል ነው።

ብረቱን የነካው አሸዋ ጠቁሮ ይታያል፤ ሸክላው ስለተቃጠለ ያንን ሽፋን ፍቀው ይጣሉት። ቀሪው በውሃና በጥቂት ቤንቶናይት ታድሶ፣ ተነፍቶና አድሮ፣ የጭብጥ ፈተናውን ሲያልፍ ለሚቀጥለው ሞልድ ይውላል።