ጄፒጂ ፎቶ ለምን ይበላሻል? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ፎቶ ሲበላሽ ብዙዎቻችን ሴቭ ስናደርግ የሚመጣውን የጥራት (ኳሊቲ) ቁጥር ወደ 100 እንጎትታለን። ፋይሉ ያብጣል፣ ችግሩ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ቁጥሩን ከመንካታችሁ በፊት ዙም አድርጉና ምኑ ጋ እንደተበላሸ እዩ።

ቀዩ ጽሑፍ ተቀባብቷል

የፖስተር ሠሪዎች ዋና ራስ ምታት ይሄ ነው። አረንጓዴ ባክግራውንድ ላይ ቀይ ጽሑፍ አለ። ጥራቱ 90 ነው፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ግን ቡናማ ሆኗል። በ400 በመቶ አጉልታችሁ ስታዩት «በ»ን «ቡ» የምታደርገዋ ትንሽ ጭረት ባክግራውንዱ ውስጥ ጠፍታለች።

ጄፒጂ ብርሃንን ለብቻ፣ ቀለምን ለብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ዓይናችን የብርሃን ልዩነትን ቶሎ ይለያል፤ በቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ 4:2:0 በሚባለው አሠራር ለ4 ፒክሴል (ምስሉን ለሚሠሩት ትንንሽ ነጥቦች) አንድ ቀለም ብቻ ይያዛል። ለሰው ፊት ምንም አይልም። ቀይና አረንጓዴ ግን ብርሃናቸው ሲቀራረብ የሚለያቸው ቀለሙ ብቻ ነው፤ የተቀነሰው ደግሞ እሱ ነው።

ጂምፕ (ነፃው የፎቶ ማስተካከያ) ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ከተጨማሪ አማራጮቹ ውስጥ ሰብሳምፕሊንግ የሚለውን 4:4:4 አድርጉት፤ ቀለሙ ሳይቀነስ ይቀመጣል። ፎቶሾፕ ላይ በ«ሴቭ አዝ» ከ7 ጀምሮ ያለውን ጥራት ከመረጣችሁ ራሱ ያስተካክለዋል። ስክሪንሾት ወይም ሎጎ ከሆነ ግን ምን አስጨነቃችሁ፣ በፒኤንጂ አስቀምጡት።

ሰማዩና ፊቱ ላይ ካሬ ካሬ ነገር ይታያል

ጄፒጂ ምስሉን 8 በ8 ፒክሴል እየከፋፈለ ነው የሚያምቀው። ከልክ በላይ ሲታመቅ የካሬዎቹ ስፌት ይወጣል። ለድረ ገጽ ከ80 እስከ 85 አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቁጥሩ ግን መቶኛ አይደለም። የአንዱ ሶፍትዌር 80 ከሌላው 80 ጋር አንድ አይደለም፤ ፎቶሾፕ እንዲያውም በ«ሴቭ አዝ» ከ0 እስከ 12 ነው የሚቆጥረው። ደግሞ 100 ማለት ምንም አልጠፋም ማለት አይደለም።

ካሬዎቹ ስትቀበሉት ጀምሮ ካሉ የትኛውም ቁጥር አያጠፋቸውም። ላኪው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ደግሞ ይላክላችሁ።

«ፋይሉ ትልቅ ነው» እያለ አልቀበልም ይላል

የኦንላይን ማመልከቻ የሞላ ሁሉ ያውቃታል። ብዙ ሰው ወዲያው ጥራቱን ይገድላል። መጀመሪያ የምስሉን ስፋት ቀንሱ። 4000 በ3000 የነበረው 1200 በ900 ሲሆን የፒክሴሉ ብዛት ከአሥር አንድ በታች ይወርዳል፣ ፊቱ ግን ጥርት ብሎ ይቀራል።

እኔ ለዚህ ስኩሽ (Squoosh) የሚባለውን የምስል ማሳነሻ እመርጣለሁ። ብሮውዘር ውስጥ ይሠራል፣ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያሳያል፣ ምስሉን እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው የሚያምቀው። የፓስፖርት ኮፒን ማንነቱ ወደማይታወቅ «ነፃ መቀነሻ» ድረ ገጽ መጫን አይዋጥልኝም። ስኩሽ ውስጥ ያለው ሞዝጄፔግ የሚባለው የጄፒጂ ማመቂያም ሞዚላ በ2014 ያወጣው ነው፤ በተመሳሳይ ጥራት ፋይሉን ያሳንሳል። የዊንዶውስ ፔይንት ግን ጥራት መምረጫ ስለሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሴቭ ባደረግሁት ቁጥር ይብስበታል

መክፈትም ኮፒ ማድረግም አይጎዳውም። አስተካክሎ እንደገና ሴቭ ማድረግ ግን እንደገና ማመቅ ነው። ሥራው እስኪያልቅ በፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) ወይም በኤክስሲኤፍ (የጂምፕ ፋይል) ያዙት፤ ጄፒጂው በመጨረሻ አንዴ ይውጣ። ኦሪጅናሉ ላይ ደርባችሁ ሴቭ አታድርጉ።

ቀለሙ ሌላ ስልክ ላይ ሞተ

ፎቶው አዶቢ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የቀለም ክልል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወደ ተለመደው ኤስአርጂቢ ቀይሩና ፕሮፋይሉን (ቀለሙ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገረውን መረጃ) አብራችሁ አስቀምጡ።

የሎጎው ጀርባ ነጭ ወይም ጥቁር ሆነ

ጄፒጂ ግልጽ ጀርባ አይዝም። ኦሪጅናሉን ክፈቱና በፒኤንጂ አውጡት፤ ከጄፒጂው ላይ ነጩን ለመፋቅ ከሞከራችሁ ጠርዙ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ይቀራል።